የማይስቀው ሰው ቦታ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ቦሰና፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ በርትቶ፣ የአገሩም አየር ተስማምቶዎት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጉንጭዎን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳምልኝ ብላኛለች። ልጅዎን ፋናንና ባለቤቷን ጋሼ ሀይለገብርኤልን ሰላም ይበሉልኝ።

እትዬ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ለአንድ ብርቱ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤታችን ለመምህራን ባዘጋጀው በዓል ላይ አንድ አስቂኝ ዘፈን ዘፍኜ ነበር። ዘፈኑ ለሰው ሁሉ ቦታውን እየለቀቀ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ስለሚገኝ ትሑት ሰው ነው። ከተመልካቹ መካከል አቶ አድማሱ የሚባሉ የቴአትር ቤት አዘጋጅ ነበሩ። በዓሉ ካለቀ በኋላ ጠርተው አነጋገሩኝ። በቋሚነት ተቀጥሬ አስቂኝ ዘፈን እንድዘፍን፣ በቀልድ ቴአትርም እንድጫወት ይፈልጋሉ። ከመምህርነቱ መልቀቂያ ማግኘት የምችለው ግን እስከ ሰኔ 30 ከጠየቅሁ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፈቃድ የምጠይቅበት ዕድሜ አልፏል ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። እናቴም «ቦሰና ካልፈቀደች እኔ አፌን አልከፍትም» ብላለች። ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ። ተው ካሉኝ ሂሳብ ማስተማሬን እቀጥላለሁ። ቅሬታም አይኖረኝም።

እጅዎን በመሳም፣
ልጅዎ ጳውሎስ አሥራት


ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድህ ለጳውሎስ፣

የጌታችንን ልደት ከእናትህ ጋር በደስታ ያውልህ። ጉልበቴ ደህና ነው። እዚህ ክረምት የሚሉት የእኛን መስከረም ያህል እንኳ አይበርድም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳብህ በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ከወረቀቱ በስተግራ ሁለት ጣት ያህል ባዶ መተው እንዳለብህ ግን ያስተማርኩህ ይመስለኛል። ስለ ጠየቅከኝ ነገር አስብበታለሁ። እስከዚያው ስለ አንድ ሰው ልንገርህ።

ከእኛ በታች ያለውን ቤት ባለፈው ወር አንድ የፊሊፒንስ ሰው ተከራየው። ስሙ ሚስተር ሩፊኖ ነው። ዳውንታውን ከሀይለገብርኤል ጋር አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዕቃውን ያስገባ ዕለት ሀይለገብርኤል ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ፣

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ በአገሩ ስታር ነበር! ሠላሳ አንድ ሙቪ ሠርቷል፣ ኦኬ? ሶ፣ አሁን ከኔ ጋር መኪና ፓርክ ያደርጋል» አለኝ።

«በሠላሳ አንዱ ምን ሆኖ ነው የሠራው?»

«ውኃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ሆኖ።»

«በሠላሳ አንዱም?»

ትንሽ አሰበና «በሁለቱ ጭቃ ነው» አለኝ።

ሰውየው ትሑት ነው፤ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። አስተማሪ እንደነበርኩ ከሰማ ጀምሮ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ታሪኩን ያለ ልመና ነገረኝ። በወጣትነቱ ከደሴት ደሴት በሚመላለስ መርከብ ላይ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ማዕበል ሲነሣ ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ምላጩ ደግሞ አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ደንበኞቹ ጸጥ ብለው እንዲቀመጡ የማይረባ ዘፈን እየፈጠረ ይዘፍንላቸው ጀመር። በፈረንጆች 1952 ከነዚህ አንዱ በሸክላ ተቀረጸ። ዘፈኑ ሸርጣን ስለሚባል ወደ ጎን የሚሄድ የባሕር ፍጡር ነው። ሸርጣኑ ሙሽራ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ወደ ጎን ስለሚሄድ አንድ ጊዜ ገበያ፣ አንድ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንድ ጊዜም ሌላ ሰው ሠርግ ላይ ይደርሳል። በዚህ ነገር አገር ሙሉ አወቀው ነው የሚለው። ከዚያ ፊልሙ መጣ። ከዚያ ፊልሙ ቀረ። እህቱ ወደ አሜሪካ አመጣችው። ሚስትም ልጅም የለውም።

በስድሳ ሦስት ዓመቱ ቆሞ የሰው መኪና ያስገባል፣ ያስወጣል። ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ የምትረዳ ይመስለኛል።

እግዚአብሔር ልቡና ይስጥህ፣
አክስትህ ቦሰና


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቦሰና፣

ከመላው ቤተሰብ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እዚህ ጥምቀት በሰላም አልፏል። እናቴ የላኩላትን ሹራብ ለብሳ ወጥታ ጎረቤቱ ሁሉ ዳሰሰላት። እንደሚያዩት በስተግራ ሁለት ጣት ትቻለሁ።

ስለ ሚስተር ሩፊኖ የጻፉልኝ ለምክር መሆኑ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁም። ነገር ግን ደብዳቤውን ካነበብኩ ወዲህ ሸርጣኑ ከሐሳቤ ሊወጣልኝ አልቻለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲጠይቁልኝ የምፈልገው አለ። ወደ ጎን ሲሄድ የሚያስቀድመው የትኛውን እግር ነው? የተሳሳተ በር ላይ ሲደርስስ መሳሳቱን እስኪያውቅ ምን ያህል ጊዜ ይቆማል? እኔ ቶሎ ስል ተመልካቹ አይከተለኝም፤ ስዘገይ ደግሞ ማሳል ይጀምራል። በተለይ በሳቅ ነገር እቸገራለሁ። ባለፈው በዘፈኑ መካከል የራሴ ሳቅ አመለጠኝና ቤቱ በሙሉ ጭጭ አለ። እሱ ይህን እንዴት ነው የሚችለው?

መልስዎን በናፍቆት እጠብቃለሁ። ስለ ሚስተር ሩፊኖ ብቻ ሳይሆን ስለ እኔም።

እጅዎን በመሳም፣
ጳውሎስ


ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጳውሎስ፣

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምህ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ፋና ሐኪም ከልክሎሻል ትላለች፤ ሐኪሙ የከለከለኝ ጨው ነው።

ጥያቄዎችህን በደብተር ገልብጬ ወደ ታች ወረድኩ። «ጾም ስለሆነ ዘፈኑን እንዳትዘፍንልኝ፤ አሠራሩን ብቻ ንገረኝ» አልኩት። ሚስተር ሩፊኖ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሰው ስለ ሥራው ከጠየቀው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

እግሩን በተመለከተ፣ የኋላው ይቀድማል። የፊተኛው ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ መምሰል አለበት። በግቢው ውስጥ፣ በተሰጣው ልብስ መካከል ከዳር እስከ ዳር ሄዶ አሳየኝ። ደግሞ እንዲያሳየኝ አደረግሁት፤ በትክክል ልጽፍልህ ስለፈለግሁ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

በሩ ላይ ሲደርስ አራት ይቆጥራል። «በሦስት ላይ ሰዎቹ መረዳት ይጀምራሉ፤ በአራት ላይ ከእኔ ቀድመው ይስቃሉ» አለኝ።

«አምስት ብትቆጥርስ?»

«አምስት ከቆጠርኩማ ያዝኑልኛል፣ ቲቸር።»

ስለ ሳቁ ስጠይቀው ቅር አለው። ሸርጣኑ አስቂኝ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሠርጉ እንደረፈደበት ብቻ ነው አለኝ። ሠርጉ የረፈደበት ሰው ይስቃል ወይ? ብሎ ደግሞ እኔኑ ጠየቀኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዘፋኙ ሳይሆን አጠገቡ የሚቆመው የማይስቀው ሰው ነው ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮት የሠራ ጓደኛ አለው። ስሙ አምቦ ነው፤ አዎ፣ እንደ ውኃው። ሀይለገብርኤል በዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። አምቦ የሚጫወተው ሙሽራውን የሚጠብቀውን ቄስ ነው። መጽሐፍ ይዞ ይቆማል። ምንም አይናገርም፣ ምንም አይሠራም፣ አይስቅም። «ሰው የሚስቀው በእሱ ፊት ውስጥ እኔን አይቶ ነው» አለኝ። አምቦ አሁን ማኒላ ነው፤ ደረቱን ያመዋል። ሚስተር ሩፊኖ ስልክ ስለሌለው በየወሩ መጀመሪያ እሑድ በእኛ ስልክ ይነጋገራሉ።

አርባ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። በአራትና በአምስት መካከል ያለውን ልዩነት እንደዚህ አክብሮ የነገረኝ የሂሳብ ተቆጣጣሪ እንኳ አልነበረም።

አሁን ወደ አንተ። «ቤቱ በሙሉ ጭጭ አለ» ብለሃል። የትኛው ቤት? የመምህራኑ በዓል ካለፈ ወራት ሆኖታል። አንተም «ባለፈው» እያልክ ትጽፋለህ። እውነቱን በሚቀጥለው ደብዳቤህ እጠብቃለሁ።

አክስትህ ቦሰና


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቦሰና፣

እንኳን ለሆሣዕና ሰሞን በጤና አደረሰዎ። ጉንጬ እየጋለ ነው የምጽፈው።

እውነቱ ይህ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴአትር ቤት እሠራለሁ። ለሙከራ ነው፤ በትንንሽ ቦታ ነው የምወጣው። ትምህርት አላጓደልኩም፤ ደብተርም ሳላርም አላደርኩም። ያልነገርኩዎ እምቢ ቢሉኝ እንኳ ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ይህ ማታለል መሆኑን አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ነገር ግን እትዬ፣ አራቱን ቆጠርኩ! ሰልፈኛው ቦታውን ለቅቆ ዞር ሲል ቆምኩና አራት ቆጠርኩ። በሦስት ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ጀመረች። በአራት ላይ ወንበሩ ሁሉ ሲንጫጫ ሰማሁ። አቶ አድማሱ ከመጋረጃው ኋላ «ማነው ያስተማረህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አክስቴ» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ሰኔ 30 ሦስት ወር ቀርቶታል። እናቴ አሁንም አፏን አልከፈተችም። የእርስዎን ቃል እንጠብቃለን።

ጳውሎስ


ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጳውሎስ፣

ትንሣኤው ለአንተና ለእህቴ የሰላም ይሁንላችሁ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሱን ዛሬ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፍልህ የራሴን ጥፋት ነው። ከሌላ ሰው ሳትሰማው ከእኔ ስማው።

ረቡዕ ሚያዝያ 14 ቀን ጠዋት ስልክ ጮኸ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የደወለችው የአምቦ ልጅ ነበረች፣ ከማኒላ። አባቷ አርፏል። «እባክዎን ለአጎቴ ለሩፊኖ አሁን ይንገሩልኝ። የምንቀብረው እሑድ ነው፤ እስከዚያ በየምሽቱ ሰው ይሰበሰባል» አለችኝ። «አሁን» ማለቷን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም።

እኔ ግን ያደረግሁት እኛ የምናደርገውን ነው። ሰው ብቻውን ደረጃ ሥር ቆሞ ከአንዲት አሮጊት አፍ መርዶ አይሰማም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። ለእሱ እዚህ ከእኛ በቀር ማን አለው? ሀይለገብርኤል ሥራ የማይገባው ቅዳሜ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው ደመቀም እንዲሁ። ስለዚህ ቅዳሜ እንዲሆን ወሰንኩ። ፋና «እማዬ፣ እዚህ አገር እንደዚህ አይደለም እኮ፤ ጀስት ንገሪው!» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። በእነዚያ ቀናት ሚስተር ሩፊኖ ባገኘኝ ቁጥር እንዴት አደሩ ይለኛል፤ እኔም ደህና እለዋለሁ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስድስት ሆነን ወረድን። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያለው መኩሪያ እንዲናገር ተመርጧል። ጎረቤታችን ሰርካዲስ፣ ደመቀ፣ ፋና፣ ሀይለገብርኤልና እኔ ከኋላው ቆምን። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። አንኳኳን። ሚስተር ሩፊኖ በሌሊት ልብሱ ሆኖ ከፈተ። ሁላችንንም አየን። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣

«አወቃችሁ!» አለ። «ማን ነገራችሁ?»

በእነሱ አገር ሰው የተወለደበት ቀን ሲሆን ወዳጆቹ በማለዳ በሩ ላይ መጥተው በዘፈን ይቀሰቅሱታል። ያን ቀን ስድሳ አራት ዓመት ሞላው። አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ አንድም ሰው በማለዳ በሩን አንኳኩቶለት አያውቅም።

መኩሪያን በእጁ ጎትቶ አስገባው። ሁላችንንም አስቀመጠን። ምድጃ ለኮሰ፤ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ አወጣ። መርዶ ሊናገር የመጣው መኩሪያ ኬኩን ተቀብሎ በላ። ሰርካዲስም በላች። እኔም በላሁ፣ ጳውሎስ፤ በላሁ።

«ዘፈኑስ?» አለን እየሳቀ። «እናንተ ልደት ላይም አትስቁም እንዴ?»

ደመቀ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ነገርኩት።

አልጮኸም። «መቼ?» ብቻ አለኝ። ረቡዕ አልኩት።

«ሦስት ሌሊት» አለ። «ሰው ሁሉ ጓደኛዬ አጠገብ ተሰብስቦ ሲያድር እኔ የሰው መኪና ሳቆም ነበርኩ። ቢነግሩኝ በስልክ እዘፍንለት ነበር እኮ፣ ቲቸር። ስልኩን ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ያደርጉልኝ ነበር።»

ወደ እኛ ቤት ወጥቶ ደወለ። እዚያ ለመጨረሻው ምሽት ተሰብስበው ነበር። የሸርጣኑን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነ። ዘፈኑን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው ሳቅ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቁን ከለቅሶው መለየት አቃተኝ። ጨርሶ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይሰጠኝም።

ለእሱ ክብር ብዬ ያደረግሁት ነው። እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ቦሰና


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቦሰና፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለሚስተር ሩፊኖም መጽናናትን ይስጠው። ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት።

አንድ ነገር ልነግርዎ ተገድጃለሁ። ሃያ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ለወቀሳ እንዳይወስዱብኝ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ያረፈው ማክሰኞ ነበር። እኔ እርስዎ ዘንድ ሆኜ እማር ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርስዎ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሰብስበው፣ እጄን ይዘው ነገሩኝ። ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። እኔ ግን ረቡዕ አውቄ ነበር። ትምህርት ቤት ደጅ ላይ አንድ የጎረቤት ልጅ «አባትህ ሞቷል አይደል?» አለኝ። ቤት ስገባ ምግብ አቀረቡልኝ፤ የቤት ሥራዬን አዩልኝ፤ ሁለት ስህተት አገኙ። እርስዎ ያዘጋጁት ቀን እንዳይበላሽብዎ ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ሲነግሩኝ አሁን እንደሰማ ሰው አለቀስኩ። አሁን ሳስበው የመጀመሪያው ቴአትሬ ያ ነበር።

እነዚያን ቀናት ብቻዬን ነበርኩ። እርስዎም ብቻዎን ነበሩ። ባንድ ቤት ውስጥ፣ ባንድ ገበታ።

ከሚስተር ሩፊኖ ጋር ምን እንደሚያደርጉ ልመክርዎ አልችልም። ለራሴ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ስለ እኔ የቆረጡት እሺም ይሁን እምቢ፣ እንድዘጋጅ ብለው ቅዳሜን አይጠብቁልኝ። የረቡዕን ረቡዕ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጳውሎስ


ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጳውሎስ፣

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ወዲያው ፋናን ይዤ ሄጄ ቴሌግራም ላክሁልህ፤ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስ ቀድሞ እንደሚያገኝህ አምናለሁ። ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ደብዳቤህ ቅዳሜ ስለደረሰ ነው።

ስለ አባትህ የጻፍከውን አንብቤ ብዙ አለቀስኩ። ሁለቱን ስህተት አስታውሳቸዋለሁ። ማካፈል ላይ ነበሩ። አንተ ማካፈል ተሳስተህ አታውቅም ነበርና ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁህም። ይቅር በለኝ።

አሁን የሆነውን ስማ። ሚስተር ሩፊኖ ሦስት ሳምንት ያህል ካኮረፈኝ በኋላ ብቻዬን ወረድኩ። ሽማግሌ አልላክሁም፣ ቀንም አልመረጥኩም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ብዙ ካየኝ በኋላ፣

«ይቅርታዎን አልፈልግም፣ ቲቸር» አለኝ። «የምፈልገው ፊትዎን ነው።»

«ምኔን?»

«ፊትዎን። በአርባው ቀን ጋርዴና በሚባለው ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የአገሬ ሰዎች ይሰበሰባሉ። የሸርጣኑን ሠርግ ለአምቦ እሠራለሁ። የማይስቅ ሰው ያስፈልገኛል። ከአምቦ በኋላ እንደ እርስዎ የማይስቅ ሰው አላየሁም።»

የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ አልኩት። አስተማሪ ነኝ አልኩት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው አልኩት። «ለሙት አርባ ነው» አለኝ። እነሱም አርባ እንደሚያወጡ አላውቅም ነበር። ለአርባ እምቢ አይባልም።

እሑድ ግንቦት 23 ቀን ሀይለገብርኤል ድራይቭ አድርጎ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ «እማማ፣ ኔርቨስ ነሽ እንዴ?» እያለ ያደርቀኛል። ፋና ከኋላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። አንድ ረጅም ጥቁር ካፖርት አለበሱኝና ትልቅ መጽሐፍ አስያዙኝ። የስልክ ቁጥር ማውጫ ነው። «ምን ላድርግ?» አልኩት። «ምንም። አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ይዩኝ» አለኝ። ይህን የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ሸርጣኑ መጣ። የኋላ እግሩን አስቀድሞ፣ ወደ እኔ እየመጣ መስሎት፣ አጠገቤ አልፎ ሄደ። ሰው ሳቀ። መጀመሪያ በእኔ የሚስቁ መስሎኝ ፊቴ ጋለ፤ ወርጄ ልሄድ ነበር። ተመልሶ መጣና እንደገና ሳተኝ። ቆመ። እኔም ሳላስበው ከእሱ ጋር መቁጠር ጀመርኩ። በሦስት ላይ አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ሲጀምር ሰማሁ። በአራት ላይ፣ ጳውሎስ፣ ማንም ያላዘዘኝን ነገር አደረግሁ። መጽሐፉን በክንዴ ሥር አደረግሁና የእጅ ሰዓቴን አየሁ።

አዳራሹ ተናጋ። አንዲት ትልቅ ሴት እየሳቀች ከወንበሯ ተንሸራተተች፤ ከዚያ ስታለቅስ አየኋት፤ ጎረቤቶቿ ደግፈው ይዘዋት አብረዋት አለቀሱ። እኔ ቆሜያለሁ። አልሳቅሁም። ሲያልቅ ሚስተር ሩፊኖ ላቡን እየጠረገ «አምቦ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሰዓቱን አይቶ አያውቅም» አለኝና እጄን ሳመኝ። ከጋርዴና ሳንወጣ መኪናው ውስጥ ሳቁ ጀመረኝ። አላቆም ብሎኝ ሀይለገብርኤል ዳር ይዞ ጠበቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርጬ ነበር። ግን መልካም አድርጌ ልጽፍልህ፣ ሐሳቤን በቅደም ተከተል ላዘጋጅ እያልኩ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ። የአንተ ደብዳቤ ነው ያስነሣኝ። ይህ ልማድ በእኔ ላይ ሥር ሰዷል፤ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

ፈቃድ ስትጠይቀኝ የፈራሁት ድህነቱን ብቻ አልነበረም። ያስተማርኩት ልጅ ቆሞ ሰው ሲስቅበት ማየት ነበር የከበደኝ። አሁን እዚያው ቦታ ቆሜ አይቼዋለሁ። ክብር የሚያሳጣ ነገር አላገኘሁበትም። ነገር ግን ሚስተር ሩፊኖ ዛሬም ጠዋት ወደ ጋራዡ ሄዷል። አንተም በስድሳ አራት ዓመትህ የሰው መኪና ታቆም ይሆናል። ይህን አውቀህ ግባ።

ቴሌግራሙ የያዘው ፈቃዴን ብቻ ነው። ምርቃት በቴሌግራም አይላክም። እስከዚህ ያለውን ለእናትህ ተቀምጠህ አንብብላት፤ የሚቀጥለውን ግን ተነሥተህ፣ ቆመህ አንብበው።

እግዚአብሔር ከአንደበትህ አይለይ። የቆምክበት ወለል ይሸከምህ። የወደቅክበት ውኃ ይመልስህ። የሳቀብህ ሰው ቤቱ ሲገባ ስምህን በበጎ ያንሣው። በምታስቅበት ቀን ያዘንክ እንደሆነ፣ ኀዘንህን የሚያይ አንድ ሰው አትጣ። ከአጠገብህ የሚቆም፣ የማይስቅ ጓደኛ ይስጥህ፤ ሽበታችሁንም አንድ ላይ ያሳያችሁ። ከሁለታችሁ አንዱ ሲቀድም ደግሞ፣ ለቀሪው በዕለቱ የሚነግረው ሰው ያዘጋጅለት።

አሜን በል።

አክስትህ ቦሰና